የሐሙሱ ጀልባ

እናቴ እኔ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ዝዋይ ሐይቅ መሐል ላለች አንዲት ደሴት ቤተ ክርስቲያን ጥላ ልታስገባ ተስላ ነበር። ስለቷ ጥላ ብቻ አልነበረም፤ “ልጄን ይዤ እገባለሁ” ብላለች። ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ተመረቅሁ፣ ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ሥራ ያዝኩ። ጥላው ግን ቂርቆስ ቤታችን፣ ቁም ሳጥኑ ላይ፣ በአንሶላ እንደተጠቀለለ ቀረ። ሐኪሙ ለቀዶ ሕክምናዋ ለማክሰኞ ቀጠሮ የሰጣት ዕለት ቀና ብላ ጥላውን አየችው።

“ከማክሰኞ በፊት” አለች።

ሕዝብ የሚጭነው ጀልባ እስኪሞላ ፀሐይ ላይ ያስጠብቃል። እሷ ደግሞ ትንፋሿ ለደረጃም አልበቃ ብሎ ነበር። ስለዚህ ጀልባ በኮንትራት መያዝ ነበረብኝ። የምጠይቀውን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፍኩ፤ የሕይወት ጃኬት፣ የፀሐይ መከላከያ ሸራ፣ መደገፊያ ያለው ወንበር፣ ከሰዓት ነፋስ ስለሚነሳ የመመለሻ ሰዓት። ከመደወሌ በፊት ሁልጊዜ እጽፋለሁ፤ ካልጻፍኩ ድምፄ ይጠፋል።

“ጀልባ ለብቻሽ? ሙሽራ ነሽ እንዴ?” አለ ባለጀልባው።

“ከእናቴ ጋር ነኝ።”

“እሳቸው ዋና ይችላሉ?”

“አትችልም።”

“እኔም አልችልም፣ አይዞሽ!” ብሎ ሳቀ።

ሐሙስ እንዲሆን ጠየቅሁት። “ሐሙስ ሞተሩ ጥገና ይገባል፤ እሁድ ይሁን” አለኝ።

በልቤ ቆጠርኩ። የወር አበባዬ የሚመጣው ቅዳሜ ነው። ከመጣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን መግባት አልችልም። ቢሮ ውስጥ አጠገቤ ያሉት ሁለት ወንዶች ሥራቸውን ትተው ያዳምጡኛል።

“እሁድ ምን አለ?” አለኝ ባለጀልባው።

“ምንም... ማለቴ... በቃ፣ ይሁን።”

ለዚህ ጥያቄ ወረቀቱ ላይ መልስ አልጻፍኩም ነበር።

ለእናቴም አልነገርኳት። ይዘገያል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። እሷ በየቀኑ ጥላውን ፈትታ፣ ዘርፉን በጣቷ አበጥራ መልሳ ትጠቀልላለች። ቅዳሜ ጠዋት የወር አበባዬ መጣ። ዝም ብዬ ብገባስ ማን ያውቃል እያልኩ አንዱን ክፍል ሁለቴ ጠረግሁ። ከሰዓት በኋላ የእኔን ነጠላ አጥባ ልታሰጣ ስትወጣ ሳያት ግን አልቻልኩም፤ ነገርኳት።

ነጠላው እጇ ላይ ቀረ።

“መቼ አወቅሽ?”

“ስደውል።”

“እሺ፣ ባለጀልባውን አፈርሽው። እኔን ምን ሆነሽ ነው ያፈርሽኝ?”

እጄ ላይ ወዳለው ስልክ በአገጯ አመለከተች።

“አሁን ደውዪ፣ እኔ እየሰማሁ። ምክንያቱንም ንገሪው።”

ነገርኩት። ይቀልዳል ብዬ ጠበቅሁ፤ እሱ ግን፣ “እህቴ፣ ያኔ ብትነግሪኝ እኮ ሐሙስ የወንድሜን ጀልባ እሰጥሽ ነበር” አለኝ። እናቴ ሰማችው። ነጠላዬን ገመዱ ላይ አሰጣችና ወደ ቤት ገባች።

እሁድ ሄድን። የደሴቷን ዳገት በየጥቂት እርምጃው እያረፍን፣ ክንዷን ይዤ እስከ ቅጥሩ በር አደረስኳት። ጥላውን አንድ ቄስ ተቀበሏት። በሩ ላይ ዞር ብላ አየችኝ። የምይዘው ክንዷ አሁንም ከጎኗ ትንሽ ከፍ እንዳለ ነበር። ብቻዋን ገባች።

ስንመለስ ባለጀልባው፣ “እማማ፣ ስለትዎን አደረሱ?” አላት።

“ግማሹን።”

“ለቀሪው ይመለሳሉዋ!”

“ማክሰኞን ካለፍኩ። ቀኑን እሷ ትንገርህ።”

ሞተሩ ስለሚጮህ እኔም መጮህ ነበረብኝ። “የወር አበባዬን ቆጥሬ ነው የምደውልልህ፤ ያንተ ካልሆነ ሌላ ጀልባ ትፈልግልኛለህ!” አልኩት።

“እሺ፣ እህቴ” አለኝ ዓይኑን ከውሃው ሳያነሳ።

እናቴ አላየችኝም። ባዶውን አንሶላ ጭኗ ላይ አጥፋ፣ መልሳ ፈትታ፣ እንደገና ታጥፈው ነበር።