የጋሽ ይመር ቄጠማና ወፎቹ

ኅዳር ላይ ከኩታበር ማለዳ ተነሣሁ። በወፍ ደብተሬ «እንግዶች» በሚለው ገጽ አንድ መስመር ጎድሎኛል፤ የመስቀል ወፍ የሚሄድበት ቀን። መስከረም ላይ ጥቁርና ቢጫ ሆኖ ይታያል፣ ከዚያ ይጠፋል። መካነ ሰላም ላይ እስከ ኅዳር ይቆያል ሲሉ ሰምቼ ነው መንገድ የጀመርኩት።

ደሴ ላይ አውቶቡሱ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ ጉልበቴን ያዘኝ። አቀስታ ላይ ሽሮ በልተን ቀጠልን። መካነ ሰላም ስንደርስ ወገቤ ተቆርጦ ነበር።

አሥር ሰዓት

ማረፊያ ቤቱ ከከተማው ወጣ ይላል። ባለቤቱ ጋሽ ይመር ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከጓሮው ግርጌ ምንጭ አለ፤ ዙሪያውን ሰው የሚያህል ቄጠማ በቅሎበታል። ከጎኑ የደረሰ ገብስ፣ በገብሱ ላይ ወፍ ማባረሪያ ጣሳዎች በገመድ ተንጠልጥለዋል።

«ለመስቀል ወፍ ነው የመጣኸው?» ብለው ሳቁ። «ወላሂ፣ ሰርግ ካለፈ የሚመጣ ሚዜ ዛሬ አየሁ!»

«መቼ ሄደ፣ ጋሼ?»

«እኔን መች ተሰናበተኝ! እነዚህን የገብስ ሌቦች ተክቶ ሄደ።»

ድንቢጥ የሚያህሉ ቡናማ ወፎች ከዛላው ተነሥተው ቄጠማው ውስጥ ጥልቅ አሉ።

«ነገ ማደሪያቸውን አጭደዋለሁ።»

«የመስቀል ወፍስ ሲመለስ የት ያርፋል?»

ገመዱን ስበው ጣሳዎቹን አንኳኩ። በኋላ እንደነገሩኝ፣ መስከረም በመጣ ቁጥር በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁት እሱን ነው፤ የሚያርፈውም እዚያው ቄጠማ ላይ ነው።

በማግስቱ፣ አንድ ሰዓት

ሣሩ ላይ ጭራዋን እየነቀነቀች የምትሮጥ ቢጫ ወፍ አየሁ። እሷ ከባሕር ማዶ ብርድ ሸሽታ የመጣች እውነተኛ እንግዳ ናት፤ እንደየዓመቱ መዘገብኳት። ጋሽ ይመር ማጭድ ሲስሉ ቡናማዎቹን መቁጠር ያዝኩ። በ«ነዋሪዎች» ገጽ «ቡናማ፣ ስሙ ያልታወቀ» እያልኩ አራት ዓመት የጻፍኳቸው ናቸው። ሰባተኛው ላይ ቆምኩ። ደረቱ ላይ ጥቂት ጥቁር ላባ እንደ ድሪቶ ቀርቶበታል። ሲበር ወገቡ ላይ ቢጫ ታየኝ።

«ጋሼ፣ ማጭዱን ያቆዩት። ይኼን ይዩልኝ።» የሩቅ መነጽሬን ሰጠኋቸው።

ወፉን በመነጽሩ እየተከተሉ ዞሩ።

«የበዓል ልብሱን አውልቆ ነው እንዴ?»

«እሱው ነው። የትም አልሄደም።»

«ታዲያ በጣሳ ሳባርር የከረምኩት እሱን ነዋ!» ማጭዱን አገላብጠው አዩት። «በል፣ ይኼ ለገብሱ ይሁን። ለእነሱ ቃርሚያው ይበቃል።»

ኩታበር

በሦስተኛው ቀን እግሬ አብጦ ቤቴ ገባሁ። የመስቀል ወፍን ከ«እንግዶች» ሰርዤ በ«ነዋሪዎች» ገጽ በቡናማው ቦታ ጻፍኩት። ያን ሁሉ መንገድ ደክሜ ዝርዝሬ በአንድ ወፍ አነሰ።

በማግስቱ እናቴ ካሰጣችው ስንዴ ላይ ሁለት ቡናማ ወፎች አረፉ።

«እሽ በላቸው እንጂ!» አለችኝ።

መጀመሪያ ወገባቸውን አየሁ።