የታጠበው ፍላጻ

ቁጡ ሰው ነኝ። ለንደን ውስጥ ሃያ ዓመት ባስ የነዳ ሰው ቁጡ ቢሆን አይፈረድበትም። ቀስት ያስያዘኝም ይኸው ንዴቴ ነው። አብሮኝ የሚሠራ የሃንጋሪ ተወላጅ ሹፌር ነበር፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሳንድዊቹን ብቻውን የሚበላ። አንድ ቀን ከተሳፋሪ ጋር ተጨቃጭቄ እየተብከነከንኩ ወደ ማረፊያ ክፍላችን ስገባ ቀና ብሎ አየኝና "ላንተ የሚያስፈልግህ ቀስት ነው" አለኝ።

"ተሳፋሪውን ልወጋበት?" አልኩት።

ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። በሳምንቱ ከኤድመንተን ሰፈር ወጣ ብሎ፣ ከመጋዘኖቹ ኋላ ወዳለ ጭቃማ ሜዳ ወሰደኝ። ዛፎቹ መሀል ከስፖንጅ የተሠሩ አጋዘኖች ቆመዋል፤ ጎናቸው ላይ፣ ልብና ሳንባ ባሉበት ቦታ፣ ክብ ተስሏል። ክቡን የመታ ነጥብ ያገኛል፤ ሆዱን የመታ ይቀነስበታል። እኔ መጀመሪያ የመታሁት የአንዱን አጋዘን ጅራት ነበር። ግን ቀስቱን ስስብ ንዴቴ የት እንደሚገባ እንጃ፣ ይጠፋል። በዓመቱ በሃያ እርምጃ ርቀት ከክቡ የማልወጣ ሆንኩ።

ይህን ለአጎቴ ነገርኳቸው። የእናቴ ወንድም ናቸው፤ አርችዌይ በሚባለው የለንደን ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል፣ ስኳር አለባቸው፣ ጉልበታቸው ደረጃ አያስወርዳቸውም። በወጣትነታቸው ግን ባሌ ተራራ ላይ ለአዳኞች ዱካ እየተከተሉ መንገድ ይመሩ ነበር። ስለ ባስ ሥራዬ በሃያ ዓመት አንድ ጥያቄ ጠይቀውኝ የማያውቁ ሰውዬ፣ ቀስት ያዝኩ ስላቸው ከሶፋው ላይ ቀና አሉ።

"የት ነው የምትመታው?"

"ክቡን ነዋ፣ አባባ።"

"አጋዘን ክብ ተስሎበት አይመጣም" አሉና ልጃቸውን እስክሪብቶ አስመጡ።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ከወረዳው ካውንስል በሚመጣላቸው ደብዳቤ ጀርባ ላይ አጋዘን ይስሉልኝ ጀመር። ጎኑን ሰጥቶ የቆመ፣ ፊቱን ወደ እኛ ያዞረ፣ ጥሎን የሚሄድ። ጥይት አጥንት ሰብሮም ይጥላል፤ ፍላጻ ግን የሚገድለው ደም አፍስሶ ስለሆነ ሳንባውን ካላገኘህ እንስሳውን አሠቃየኸው ማለት ነው፣ ይሉኛል። የፊት እግሩን ወደፊት እስኪያራምድ ጠብቅ፤ ያኔ ክንዱ ከሳንባው ላይ ይነሣልሃል። ፊት ለፊት ከቆመ ተወው። ከራቀህ ተወው። ዓይንህ ከተጠራጠረ ተወው። የትምህርታቸው ግማሽ "ተወው" ነበር። ከለቀቅክ በኋላ ደግሞ ከአጋዘኑ በፊት ፍላጻውን ፈልግ። አረፋ ያለው ደም ከሆነ ሳንባ ነው። አረንጓዴ ሆኖ ከሸተተህ ፈርስ ነው፤ ወዮልህ።

ሃይማኖቱንም አልተዉትም። "ቢስሚላህ ብለህ ለቅቀህ፣ ፍላጻህ ወግቶ ከገደለው ይበላል። ውሃ ውስጥ ሞቶ ካገኘኸው ግን አትንካው። ፍላጻህ ይግደለው ውሃው ይግደለው በምን ታውቃለህ?" ይሉ ነበር።

እንግሊዝ አገር በቀስት ማደን ክልክል ነው። በባልደረባዬ አገር ግን ፈተናውን ላለፈ ይፈቀዳል፤ ወንድሙም የአደን ቦታ ነበረው። ፈተናውን አልፌ፣ ብርዱ ሲገባ አብሬው ልሄድ ተነሣሁ። ልሰናበታቸው አርችዌይ ሄጄ ሳለ ደስታ አናቴ ላይ ወጣና "ወርቹ የእርስዎ ነው፣ አባባ፣ ኢንሻአላህ" አልኳቸው። በሕይወት የሚሄድ አጋዘን ወርች ማደሌ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፤ እርሳቸውም ለምሳ ሁለት የመስጊድ ጓደኞቻቸውን ጠሩ። ልጃቸው ሃንጋሪ ድረስ ደወለችልኝ። ለንደን ተወልዳ ያደገች ናት።

"አባዬ ለሰው ሁሉ ነግሯል፣ ሶ ኤክሳይትድ ነው። ፕሊስ ባዶ እጅህን እንዳትመጣ፣ ኦኬ?"

አራት ቀን እንደተማርኩት አደረግሁ። አንዱ ራቀኝ፣ ተውኩት። አንዱ ፊት ለፊት ቆመ፣ ተውኩት። በራሴም ኮራሁ። አምስተኛው የመጨረሻው ቀን ነበር። ሊመሻሽ ሲል አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን ከቁጥቋጦው ወጣ። ሠላሳ አምስት እርምጃ ይርቃል፣ ደረቱን አግድም ወደ እኔ አዙሯል፤ ክንዱ ሳንባውን ሸፍኖታል። አጎቴ ይህን አቋም ስለው ሁልጊዜ "ተወው" እያሉ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ያሰምሩበት ነበር። ባልደረባዬ አጠገቤ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ፤ አይሆንም ማለቱ ነው። እኔ የታየኝ ግን የአርችዌይ ሶፋና እንግዶቹ ናቸው። ቢስሚላህ አልኩና ለቀቅኩ። አጋዘኑ በዚያው ቅጽበት ዞረ። የተሰማኝ እርጥብ ትራስ በዱላ ሲመታ የሚሰጠው ዓይነት ድምፅ ነው።

ፍላጻው ሰውነቱን አልፎ መሬት ላይ ተተክሎ አገኘነው። አረንጓዴ ነበር። ሸተተኝ። ባልደረባዬ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "አሁን ብንከተለው እየተሠቃየ ይሮጣል፤ እስከ ጠዋት እንተወው" ብቻ አለ።

ጠዋት አንድ ኩሬ ውስጥ ደንገል መሀል ሞቶ አገኘነው። ሆዱን የተመታ እንስሳ ይጠማዋል አሉ፤ ውሃ ፍለጋ መሄዱ ነው። እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ ነበር። ስንት ሰዓት እንደቆየ አላውቅም። ዳሩ ላይ የነበረው ሣር ግን ተረጋግጦና ተገነጣጥሎ ነበር፤ ቶሎ የሞተ እንስሳ እንደዚያ አያደርግም። አፈርኩ። ያን ሁሉ የካውንስል ደብዳቤ አስጨርሼ ከመጨረሻው ቀን አላለፍኩም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እዚያ ብተወው አንድ ጥፋት ሆኖ ይቀር ነበር። ባልደረባዬ ግን ሆዱን ከፍቶ "ይኼ ወርች አልተነካም፣ ደህና ነው" ሲለኝ ተቀበልኩት። የውሃውን ነገር አላወቀም፤ በእሱ ሃይማኖት የለም። ፍላጻዬንም እዚያው ኩሬ ውስጥ አጠብኩት፤ ቤቱ ስንደርስ ደግሞ በሳሙና። ያኔ ሥጋ ይዞ መግባት አልተከለከለም ነበርና በበረዶ ጠቅልዬ ይዤ ገባሁ።

እሁድ ምሳ ላይ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከአጎቴ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው ወጥ ቤት ውስጥ ወርቹን ትጠብሳለች። አጎቴ ነጭ ቆባቸውን አድርገዋል።

"የት መታኸው?"

"ከክንዱ ኋላ፣ አባባ። አሥር እርምጃም አልሄደ።"

እንዴት እንደቀለለኝ! እንግዶቹ ማሻአላህ አሉ።

"ፍላጻውስ?"

በፎጣ ጠቅልዬ አምጥቼው ነበር፤ ጭራሽ ሊያስመሰግነኝ። የታጠበ ፍላጻ ምንም የማይናገር መስሎኛል። ወደ መስኮቱ አዙረው አዩት፣ አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት፣ ላባው ሥር አውራ ጣታቸውን አሳለፉ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ሳንባ ያገኘ ሰው ፍላጻውን እንደማያጥብ፣ ደሙን ለሰው ለማሳየት እንደያዘው እንደሚመጣ የገባኝ ያኔ ነው። ፍላጻውን መልሰው በፎጣው ጠቀለሉት።

ልጃቸው ትሪውን ይዛ ገባች።

"መልሺው" አሏት።

"ዋት? አባዬ፣ በስሏል እኮ።"

"የዱር ሥጋ ሦስት ቀን ማረፍ አለበት፤ ቸኮልን። ሳያርፍ ከተበላ ያሳምማል" አሉ። አንደኛው እንግዳ እየሳቀ "ሆዳችን የብረት ነው፣ አምጪው" ሲል እጃቸውን አነሡ። "ወላሂ ያሳምማል። ምስሩን አምጪ።"

ወላሂ የሚለውን ቃል በቀልድ እንኳ ሲያወጡት ሰምቼ አላውቅም። ባሌ ተራራ ላይ በታረደበት ቀን ጠብሰው እንደሚበሉ ደግሞ ስንት ጊዜ አጫውተውኛል። ሐሰት መሆኑን ከዚያ ክፍል ውስጥ እኔና እርሳቸው ብቻ እናውቃለን። እንግዶቻቸውን ከሚያጠራጥር ሥጋ አዳኑ፣ እኔን ደግሞ ከሰው ፊት አዳኑ፤ ለዚህ ሁሉ የተከፈለው የእርሳቸው አንደበት ነው። "ውሃ ውስጥ ነው ያገኘሁት" ብል አራት ቃል ነበር። ምስሩን በላሁ። አጣፍጣዋለች ብዬም አመሰገንኩ።

ማክሰኞ ልጃቸው እያለቀሰች ደወለች። "አባዬ እየጾመ ነው። ረመዳን አይደለም፣ ዳያቤቲስ አለበት፣ ለምን ስለው አይነግረኝም። አንተን ይሰማሃል፣ ቶክ ቱ ሂም።"

እኔ ምክንያቱን አውቄዋለሁ። በሐሰት የማለ ሰው መካሻው አሥር ድሃ ማብላት ነው፤ ያን ያልቻለ ሦስት ቀን ይጾማል። ይህንንም ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። ያ ብርድ ሳይወጣ ሞቱ። ጾሙ ነው የገደላቸው አልልም፤ ሐኪሞቹ ልባቸው ነው ብለዋል። ከዚያ በኋላ ሕይወት ባለው ነገር ላይ ቀስት ስቤ አላውቅም። ስፖንጁን አጋዘን እንኳ ስመታ ሆዱን የሳትኩ እንደሆነ ለማየት እሮጣለሁ። የሚጸጽተኝ ግን ፍላጻው ብቻ አይደለም። እጅ ይስታል። የሚጸጽተኝ ሦስተኛው የጾም ቀን ነው።

ያን ቀን፣ ረቡዕ፣ ከሥራ ወጥቼ ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር ቴምር ገዛሁና የጾም መፍቻው መግሪብ ሳይደርስ አርችዌይ ደረስኩ። ልጃቸው ሥራ ላይ ነበረች። አጎቴ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፣ ከንፈራቸው ደርቋል። የባስ መንገዱ ተጨናንቆ እንደነበር ጠየቁኝ። ጠይቀውኝ የማያውቁት ጥያቄ ነው። ከዚያ፣

"ልጄ፣ የምትነግረኝ ነገር አለ?" አሉኝ።

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። በሩን ከፍተው ነው የጠበቁኝ፤ መግባት ብቻ ነበር የቀረኝ።

"የለም፣ አባባ" አልኳቸው።

"እሺ" አሉ።

ስልካቸው ላይ አዛኑ ተሰማ። ቢስሚላህ ብለው ከቴምሩ አንድ ወሰዱ፤ ከራሳቸው በፊት ሌላ አንድ አንሥተው ለእኔ ዘረጉልኝ። እኔ አልጾምኩም። ተቀብያቸው በላሁ።