ሃርድ ዲስኩ ላይ የነበረው የአባቴ ድምፅ

ወገን፣ እርዱኝ። አባቴ በሕይወት እያለ ያወጣቸው መንዙማዎች ዛሬ ከሃርድ ዲስኬ ላይ ጠፉ። ሁሉም!

ለሙት ዓመቱ ሶደቃ ዘመድ መካነ ሰላም ቤታችን ተሰብስቦ ነበር። ድምፁን እንዲሰሙት ብዬ ሃርድ ዲስኩን ሪሲቨሩ ላይ ሰካሁና ውሃ ላመጣ ወጣሁ።

ሪሲቨሩ በእንግሊዝኛ "ፎርማት ላድርገው?" ብሎ ጠየቀ። ያለውን ሁሉ ላጥፋው ወይ ማለቱ ነው። ሪሞቱን የያዙት አጎቴ "ኦኬ" የሚለውን ተጫኑት።

"ምነው አጎቴ?" ብላቸው፣ "በእንግዳ ፊት ሲጠይቀኝ እምቢ ልበለው እንዴ ልጄ?" አሉኝ። የወሎ ሰው ለሪሲቨርም ይሉኝታ አለው!

ግን በሳቸው አልፈርድም። መንዙማዎቹ የተቀዱባቸውን ካሴቶች ወደ ሃርድ ዲስኩ ገልብጬ እንደጨረስኩ "ቤት አጣበቡ" ብዬ የጣልኳቸው እኔው ነኝ።

እናቴ እስካሁን ቲቪው ፊት ተቀምጣለች። "መብራቱ ሲረጋጋ ድምፁ ይመጣል" ትላለች። እውነቱን ልነግራት አልቻልኩም።

ፎርማት የሆነ ዲስክ ያስመለሰ ካለ፣ በአላህ፣ እንዴት እንዳደረገ ይንገረኝ። እዚሁ ወሎ ከማሻም ከደጎሎም ቴፕ ይዛችሁ አባቴ መንዙማ ወደሚያወጣበት ሐድራ ትመጡ የነበራችሁ ደግሞ፣ እስኪ ሳጥናችሁን ፈትሹልኝ። የተቆራረጠም ቢሆን፣ አንድ ካሴት ይበቃኛል። እናቴ እየጠበቀች ነው።