አንዴ ብቻ የሚጠይቅ ቤት

በጣሊያን ጊዜ ቡሬ ውስጥ መኮንኖቹ የሚበሉበት ቤት ነበር፤ ለእኛ ክልክል ነው፣ በደጁም አንቆምም። ታዲያ እዚያ ምግብ ሲሠራ የኖረ አንድ ያገራችን ሰው ተነሣና፣ «ሐበሻስ እንደነሱ ተቀምጦ ቢበላ ማን ይሞታል?» ብሎ ከገበያው በላይ የራሱን ምግብ ቤት ከፈተ። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ቢላዋ፣ ሹካ፣ ሽርጥ የታጠቀ አሳላፊ፣ ሁሉም ነበረው። ሹካው ለሁሉ አይደርስም እንጂ። ማር የማቀርብለት እኔ ስለነበርኩ ቤቱን አውቀዋለሁ፤ ድፍረቱንም እወድለት ነበር።

ያን ጊዜ ፈት ነበርኩ። የመጀመሪያ ባሌን የፈታሁት ራሴ ነኝ፣ ደግም አደረግሁ፤ ሰው ግን «ምላሷ ነው ያስፈታት» ይል ነበር። ቤቴን ጣሊያን ለመንገድ ብሎ አፍርሶብኝ አክስቴ ዘንድ ተጠግቼ ሳለሁ ፈረስ ቤት ከሚባለው አገር የመጣ አንድ ነጋዴ ሊያገባኝ ፈለገ። እኔም ፈለግሁት፣ ምን እደብቃለሁ? አባቱ ግን «ሴትዮዋን ሳላያት ሽማግሌ አልክም» አሉ። እሳቸው እምቢ ካሉ ነገሩ እንደማይሆን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እንግዳ የምቀበልበት ቤት ስለሌለኝ እዚያው ምግብ ቤት ልጋብዛቸው ቆረጥሁ። አክስቴ አንድ ምክር ብቻ ሰጠችኝ፤ «አፍሽን ዝጊ» አለችኝ።

ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ ጾምም አልነበረም። ሽማግሌው አባት ከልጃቸው ጋር ከደጋ በእግራቸው ወርደው፣ ኬላው ላይ ጣሊያኖቹ ኩታቸውን አስወልቀው ፈትሸዋቸው፣ ፊታቸው ጠቁሮ ደረሱ። የምግብ ቤቱ ባለቤት እስከ ደጅ ወጥቶ እጅ ነሥቶ ተቀበላቸው፤ ወንበሩንም ራሱ ሳበላቸው። ወደ እኔ ዞሮም «ዛሬ አንቺም እንግዳ ነሽ፤ እጅሽን እንዳታነሺ» አለኝ። ደስ አለኝ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሁሉ ያማረ ነበር።

አሳላፊው ሾርባ ይዞ መጣ። «ይፈልጋሉ?» አላቸው።

«ኧረ እኔ አልሻም፣ ለልጆቹ አቅርብ» አሉ።

በእኛ አገር እንዲህ የሚል ሰው ርቦታል ማለት ነው። አፈር ስሆን ይባላል፣ በሞቴ ይባላል፣ በሦስተኛው እሺ ይላል። አሳላፊው ግን «እሺ» ብሎ ሾርባቸውን ይዞ ሄደ። ልጃቸው ከአባቱ በፊት አይቀምስም፤ እኔም ከእነሱ በፊት አልቀምስም። የእኛም ሾርባ ቀዘቀዘና ተነሣ።

ከዚያ ብዙ ተቀመጥን። አሳላፊው መኪና ባለፈ ቁጥር ሊያይ ወደ በር ይሮጣል። ዳቦው ከሾርባው በኋላ መጣ። መኮሮኒ መጣ፤ ሽማግሌው «ቀምሼ ነው የመጣሁ» አሉ፣ ተነሣ። ጥብስ መጣ፤ «ጥርሴም እንደ ድሮው አይደለ» አሉ፣ እሱም ተነሣ። የጥብሱ ሽታ አፍንጫችን ላይ ቀረ። እኔ በነጠላዬ ሥር ጭኔን እየቆነጠጥሁ ዝም አልኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ዝም ብዬ አላውቅም።

በመጨረሻ ሽማግሌው ከዘራቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ምግብ ልታሳዩኝ ነው ያስመጣችሁኝ? ምግብማ አይቼ አውቃለሁ» አሉ። ልጁ ላብ አጠመቀው። ከዚያ በር ከወጡ ተመልሰው እንደማይመጡ ገባኝ።

ብድግ አልኩ። «ይቀመጡ፣ መጣሁ» ብያቸው ወደ ወጥ ቤቱ ገባሁ። አሳላፊው ከምድጃው አጠገብ ቆሞ የእሳቸውን ጥብስ ያላምጣል።

«የደጋ ሽማግሌ አስቀምጣችሁ በረሃብ ትፈጃላችሁ?» አልኩ። ገበያተኛው ሁሉ ሳይሰማኝ አልቀረም።

ባለቤቱ ደንግጦ፣ «እንግዳ አንዴ ነው የሚጠየቅ፤ ጣሊያኖቹ እንዲህ ነው የሚያደርጉ። አልሻም ያለን ሰው መለመን ነውር ነው» አለኝ።

«ጣሊያኑ የታለ? እስቲ አሳየኝ! ያስቀመጥከው እኮ የእናትህን አገር ሰው ነው!»

ድስቱን ራሱ አወጣልኝ። እንጀራ ከዚያ ቤት ስለማይገባ ጥብሱንም መኮሮኒውንም ዳቦውንም በአንድ ሰፊ ሳህን ላይ ገለበጥኩና ይዤ ወጣሁ። ወንበሩን ትቼ ከሽማግሌው አጠገብ ተንበረከክሁ። መኮሮኒው ከጣቴ እየሾለከ አስቸገረኝ፤ እንደምንም ከጥብሱ ጋር በዳቦ ጠቀለልሁት።

«አፈር ስሆን!»

«ተይ ልጄ፣ ጠግቤያለሁ።»

«በሞቴ!»

«ኧረ ተይ አታስቸግሪኝ…»

«እኔ ልሙት፣ ይቺን ብቻ!»

አፋቸውን ከፈቱ። ሁለተኛውን አጎረስኳቸው፣ ሦስተኛውንም። ከዚያ በኋላ ራሳቸው እጃቸውን ሰደዱ፤ እኛም ተከትለን በላን። ከዘራው ወደ ግድግዳው ተመለሰ። ሥልጣኔውን እንዳበላሸሁበት የቆጠረው ባለቤት መጀመሪያ ከበሩ ቆሞ ያየን ነበር፤ ኋላ ግን ያልተጠየቀውን ጥብስ ጨመረልን።

«ምላሷ ረጅም ነው ብለውኝ ነበር» አሉ ሽማግሌው እያላመጡ።

«እውነታቸውን ነው» አልኳቸው። ምን ብዬ ልካድ?

«ሽማግሌ የሚላከው ወደ ማን ነው?»

«ወደ አክስቴ።»

«ሰኞ ይጠብቁን በያት።»

በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። እሳቸው ግን አልሳቁም። ማላመጣቸውን ትተው ልጃቸውን ተመለከቱት፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«እናትህ ከሞተች ወዲህ በሞቴ ብሎ ያጎረሰኝ ሰው የለም» አሉት። «እናንተም እንደዚያ ባለ ሽርጥ ናችሁ። አንዴ ትጠይቁኛላችሁ፤ አልሻም ስል ታነሡታላችሁ።»

ልጁ አንገቱን ደፋ። ከዚያ እጁን ወደ ሳህኑ ሰደደ፤ ጥብሱን በዳቦ ጠቀለለና በሁለት እጁ ወደ አባቱ አፍ አቀረበ።

«አባቴ፣ አፈር ስሆን» አለ።

«አልሻም» አሉ።

እጁን አልመለሰም።