እማዬ በካልሲ የሰማችው ዝማሬ

ልጄ ዛሬ ከበረዶ ገብታ የረጠበ የሱፍ ካልሲዋን የቤት ማሞቂያው ላይ ዘርግታው ወደ ክፍሏ ሄደች። ሙቀት የነካው የሱፍ ሽታ ሳሎኑን ሲሞላው፣ ልቆጣት ብነሳም መልሼ ቁጭ አልኩ፤ ሁስቢ የሚባለው ሰፈር ያለው የልጅነት ቤታችን፣ እማዬና የእሷ ካልሲ ድቅን አሉብኛ።

ያኔ በትምህርት ቤታችን መዘምራን ውስጥ ነበርኩ። ለፈረንጆች ገና የምንለማመደው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የተደረሰ የላቲን ዝማሬ ነው፤ ኦርጋን የለው፣ ከበሮ የለው፣ የሰው ድምፅ ብቻ። አንዱ ወገን ይጀምራል፣ ገና ሳይጨርስ ሁለተኛው ያንኑ ዜማ ይቀማዋል፣ ሌላው ይከተላል፤ ልክ እንደ ጎረቤት ሴቶች አንድ ወሬ እየተነጣጠቁ፣ ግን ማንም ማንንም ሳይረብሽ። የእኔ ድርሻ መሃል ላይ ያለው ዝቅ ያለ ድምፅ ነበር። ብቻውን ሲሰማ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ምንም አይጥምም፤ ይጠበቃል፣ አንድ ቃል ይጎተታል፣ እንደገና ይጠበቃል። እማዬ ከወጥ ቤት የምትሰማው ይህንኑ ነበር።

«ደግሞ ማን ሞቶብሽ ነው?» ትለኛለች። ከቀልዷ ሥር ግን ፍርሃት ነበረባት። በአማርኛ ስትጠራኝ በስዊድንኛ የምመልስ ልጅ ነኝ፤ አሁን ደግሞ ሃይማኖቴንም የምነጠቅ መሰላት። በመጨረሻ ቆረጠች፦ «መጥቼ በጆሮዬ እሰማለሁ። ደስ ካላለኝ ሁለተኛ እዚያ ደጅ አትደርሺም!» ወይ ጉዴ! ከመዘምራኑ ውጪ ጓደኛ የሚባል አልነበረኝም።

ቀኑ ደረሰ፣ እማዬም ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። የምንዘምርበት የፈረንጆች ቤተክርስቲያን በር ላይ ቦት ጫማዋን አወለቀች፣ መቃኑን ተሳለመች፣ ሰው በጫማው ባስገባው በረዶ የራሰውን ወለል በሱፍ ካልሲዋ እየረገጠች ገባች። ሁሉም ጫማውን እንዳደረገ ተቀምጧል። ወንበር ቢያሳዩአት በእጇ «ይቅርብኝ» ብላ ከኋላ ቆመች፤ ቤተ መቅደስ ገብታ ልትቀመጥ ኖሯል! እኔ ከፊት ሆኜ ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ እላለሁ።

ጀመርን። አንዱ ድምፅ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ እያለ፣ ሊጋጩ ነው ስንል ቀስ ብለው እየታረቁ ሄዱ፤ ያ የማይጥመው የእኔ ቃልም መሃላቸው ቦታውን አገኘ። ቃሉ «ማሪያ» ነበር። ከወገን ወደ ወገን እየተላለፈ ሲደርሳት እማዬ ቀና አለች፣ አማተበች፣ ከወገቧ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

እዚህ አገር ዝማሬ ሲያልቅ ቶሎ አይጨበጨብም፤ ትንሽ ዝም ይባላል። እማዬ እዚያ ዝምታ ላይ እልልታዋን ለቀቀችው! ሰው ሁሉ ዞረ። በልቤ «እባክሽ ዝም በይልኝ» እላለሁ፣ እሷ ግን ጭራሽ ደገመችው። መሪያችን ሌና እጇን እንዳነሳች ሳቀች፣ ጭብጨባውም ቤቱን ሞላው።

ባቡር ውስጥ የራሰ እግሯን እያሻሸች፣ «እመቤታችንን እየጠራሽ ነው እንዴ ቤቴን ለቅሶ ቤት ያስመሰልሽው? በይ ዘምሪ፤ ብቻ ጮክ በይ!» አለችኝ። እፎይ! ሰው እንዲህም ይቀለዋል? እስከ ሁስቢ ድረስ ትከሻዋ ላይ ተኛሁ።

እማዬ ካረፈች ቆየች። እኔ ዛሬም እዘምራለሁ፤ ያንኑ ዝማሬ፣ ያንኑ የመሃል ድምፅ። ሲያልቅ ያቺ ዝምታ ትመጣለች፣ ዓይኔም ወደ ኋላ፣ ወደ በሩ ይሄዳል። ሁሉም ጫማውን እንዳደረገ በጨዋ ደንብ ተቀምጧል። ያኔ በልቤ «ዝም በይልኝ» ያልኳት እኔ፣ አሁን ያቺን ዝምታ እልልታዋን ስጠብቅ አሳልፋታለሁ።