ነፋስ እንዳይመታት

ይድረስ ለአሰብ ሕዝብ፣ ለወደብ ወዛደር፣ ለጨው ሜዳ ሠራተኛ፣ ለዓሣ አጥማጁና ለፍየሎቹ ሁሉ! ሣህሉ የተባለ፣ ቁመቱ ከብየዳ ጋዝ ሲሊንደር እምብዛም የማይበልጥ፣ ሁለት ሱሪና አንድ ጫማ ያለው፣ በነዳጅ ማጣሪያው ወርክሾፕ የሚሠራ በያጅ፣ ከግንቦት ወር ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ጀምሮ የግል መኪና ባለቤት ሆኗል። በዚህች ከተማ ከበርቴ ተደምስሷል ብሎ ያስተማረ ካድሬ ሁሉ ትምህርቱን ያርም! ዶሮዎቹም ባስቸኳይ ቤቱን ለቅቀው ይውጡ!

የዶሮዎቹ ነገር እንዲህ ነው። መኪናዋ የአሰብ ሰው ሚሌቼንቶ የሚላት አሮጌ ፊያት ነበረች። ባለቤቷ የነበረው ጣሊያን ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ አገሩ ሲገባ እሷን ወይዘሮ ባዩሽ ግቢ ውስጥ ጥሏት ሄደ። ወይዘሮ ባዩሽም ባለሙያ ሴት ናቸውና የኋላ ወንበሯን ነቅለው ዶሮ አሳደሩባት። ድሮ ሰማያዊ ነበረች ይባላል። ሣህሉ ሲያያት ግን የተደለዘ በርበሬ መስላለች። የባሕሩ ጨው ከታች፣ የዶሮው ኩስ ከላይ፣ ሰፊ ግንባር ፈጥረው ግጠዋታል።

መርሻን ጠርቶ አሳየው። መርሻ የሣህሉ ወዳጅ፣ የተጨረማመተ የመኪና ገላ በመዶሻ እየቀጠቀጠ የሚያቃና ባትላሜራ ነው። መጣና በሩን በጣቱ ገፋ አደረገው። ጣቱ አለፈ።

«ጋሽ ሣህሉ፣ እስቲ ከወዲያ በኩል ዞረህ ጣቴን ሰላም በልልኝ።»

«ይበየዳል።»

«ምኑ ከምኑ ጋር ነው የሚበየደው? ይቺ እኮ መኪና መሆኗን ከተወች ቆይታለች። ዝገቱ ለዝገቱ አዝኖ ተደጋግፈው ነው የቆሙት።»

«ትሠራለህ አትሠራም?»

«ኧረ ለመሆኑ የት ልትሄድባት ነው? ካንተ ቤት እስከ ሥራህ አንድ ሲጋራ ለኩሰህ አትጨርስም።»

ሣህሉ ጎንበስ ብሎ ከወለሏ ላይ የዶሮ ኩስ መጥረግ ጀመረ። መርሻ ያን ጊዜ የት እንደሆነ ገባው፤ ቀልዱን ዋጥ አድርጎ መዶሻውን ሊያመጣ ሄደ።

መርሻ የሚያውቀውን ነገር ከሰፈሩ ሰው የማያውቀው አልነበረም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሣህሉ ማጣሪያው ውስጥ ሥራ አግኝቶ ከደጋው ከተማ ከሐይቅ ወደ አሰብ ሲወርድ፣ ሚስቱ ፀዳለና የአምስት ወር ልጃቸው ጥላነሽ አብረውት ነበሩ። የተሳፈሩት ባቄላ በጫነ መኪና፣ ከጆንያው አናት ላይ ነው። መኪናው ቁልቁለቱን ሲበር ነፋሱ ያፏጫል። ሣህሉ የደጋ ሰው ነው። የደጋ ሰው ሕፃን ልጅ ነፋስ ይመታብኛል ብሎ የሚፈራውን ያህል ጅብ አይፈራም። «ሸፍኛት» አለ። ፀዳለ ሸፈነቻት። «ነፋስ እንዳይመታት፣ ደርቢላት እንጂ» አለና ጋቢውን አውልቆ እሱው ደረበላት፣ ጠርዙንም በዙሪያዋ ወተፈው። ሚሌን አልፈው በረሃው ውስጥ ሲገቡ ልጅቱ ዝም አለች። ተኛች ተባለ። ኤሊዳርን አልፈው ማንዳ ሳይደርሱ ፀዳለ ላጥባት ብላ ስትገልጣት፣ አልነቃችም።

ሹፌሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ሆኖም የሰጣቸው ጊዜ ጎማ ለመቀየር ብቻ የሚበቃ ነበር። ቀብረው በጥቁር ድንጋይ ከለሏት፤ ሣህሉም ከመንገድ ዳር የተጣለ ቸርኬ፣ ያንን የጎማ ብረት፣ አንከባሎ አምጥቶ ራስጌዋ ላይ አቆመ። አሰብ ሲደርሱ ለጠየቃቸው ሁሉ «ነፋስ መታት» አሉ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲሉ የኖሩትም ይህንኑ ነው።

አንድ ጊዜ ፀዳለ ወደ መቃብሯ በአውቶቡስ ልትሄድ ሞክራ ነበር። ሹፌሩ እዚያ ቦታ አቁምልኝ ሲባል፣ «እዚህ ሐሩር ላይ ከቆምኩ ሞተሩ ይፈላል፣ እናቴ» አለና፣ ለሐዘኗ ያለውን አክብሮት በክላክስ ገልጦ አለፈ። ቸርኬውን በመስኮት አየችው፤ ዓይን እስኪጨፈን ያህል ብቻ። ቤቷ ስትመለስ ለሣህሉ እንዲህ አለችው፦ «ሁለተኛ በመስኮት እንዳታሳየኝ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ እስኪወጣልኝ ላልቅስላት። የሚቸኩል ሰው የሌለበት፣ ክላክስ የማይነፋብኝ። ከቻልክ ይህን አድርግልኝ። ሌላ አልጠይቅህም።»

እንግዲህ ይህ የአሰብ ከበርቴ ያስፈለገው ነገር በፈለገበት ቦታ የሚቆም ፍሬን ነው። ፍሬን ለብቻው መንገድ ስለማይሄድ ሙሉ መኪና ገዛ።

ሁለት ዓመት ፈጀ። ከሥራ መልስ ሁለቱ ወዳጆች ሚሌቼንቶዋ ሥር ተጋድመው ዝገት የበላውን እየቆረጡ ያልበላውን ይበይዳሉ። ዝገት እንደ አድሃሪ ነው፣ ሲመቱት አፈግፍጎ በሌላ በኩል ያንሰራራል፤ ግራውን ደፍነው ሳይጨርሱ ቀኙ ይቀደዳል። ወለሏን ከዘይት በርሜል ቆርጠው ሠሩት። የበሮቿን ሆድ ከዕርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ጠጋገኑት፤ በውስጥ በኩል «የማይሸጥ» የሚለው የቆርቆሮው ጽሑፍ እንዳለ ቀረ።

«ተገላገልክ» አለው መርሻ። «ሌባ እንኳ ቢመጣ አንብቦ ይመለሳል።»

ከመርከብ ሥራ የተረፈ ሰማያዊ ቀለም ተገኘና ተቀባች። ቀለሙ እንደ ደረቀ ፀዳለ ከቤት ወጣች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ከፊት ገብታ ተቀመጠች፣ በሩን ሳበችው።

«ይዘጋል» አለች።

«አዎ፣ ይዘጋል።»

ከፍታ ደግማ ዘጋችው። ሣህሉ ፊቱን ወደ መርሻ አዙሮ በዚያ ሁሉ ሙቀት ላብ እንደሚጠርግ ሰው ዓይኑን ጠረገ። መርሻም እንዳላየ ሆነ።

አሁን የቀረው ከከተማ የሚያስወጣው የይለፍ ወረቀት ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አበጀ ቅጹን ዘረጋ።

«የጉዞ ምክንያት። ሥራ፣ ሕክምና፣ ሠርግ፣ ሐዘን። የቱ ነው?»

«ሐዘን።»

«ማን ሞቶ?»

«ልጄ።»

ጓድ አበጀ ብዕሩን አስቀመጠ። እሱም የልጆች አባት ነው። «አይ! አይዞህ ጓድ ሣህሉ፣ እግዜር ያጽናህ። መቼ?»

«በስድሳ ሰባት።»

ጓድ አበጀ ብዕሩን መልሶ አነሣ። «ጓድ ሣህሉ፣ አሥራ አንድ ዓመት የቆየ ሐዘን ሐዘን አይባልም። ታሪክ ነው። ታሪክ ደግሞ ቅጹ ላይ የለም።»

ጉዳዩ ከሊቀ መንበሩ ወደ ጸሐፊው፣ ከጸሐፊው ወደ ኮሚቴው፣ ከኮሚቴው «ይጣራ» ተብሎ ወደ ሊቀ መንበሩ ሲዞር ሰባት ወር አለፈ። ሣህሉ በእነዚያ ሰባት ወሮች መኪናዋን አልነዳትም፤ የቤንዚን ኩፖኑን ለመንገዱ ያጠራቅማል። ግን ባሕሩ አጠገብ ነው፣ ነፋሱ ጨው ያዘለ ነው፤ ራቁቷን እንዴት ትደር? ጨው ሜዳ ሄዶ የተሰበረ ጋሪ በየደላቸውና በምላሹ የጨው ክምር ሲሸፈንበት የኖረ አሮጌ ሸራ ሰጡት። ወፍራም፣ ከባድ ሸራ ነው። ለማጠብ ጣፋጭ ውሃ ያስፈልጋል፤ በአሰብ ደግሞ ጣፋጭ ውሃ ለሰውም አልተረፈ። እንዳለ አለበሳት። አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን ፀዳለ ይዘው እስከ መሬት አወረዱት፤ ጠርዙን ከጎማው ሥር ወተፈው፣ ዙሪያውን ድንጋይ ጫነበት።

«እንዲህ ነው» አለ። «አሁን ነፋስ አይነካትም።»

እሑድ እሑድ የፊቱን ብቻ ገለጥ አድርጎ፣ ኮፈኗን ከፍቶ ሞተሯን ያስነሣና መልሶ ያለብሳታል። ሰፈርተኛው ሣህሉ ወለደ እያለ ይስቅበት ነበር።

በጥር ወር ይለፉ ወጣ። ፀዳለ ሳታውቀው በሽተኛ ተደርጋለች፤ ምክንያቱ «ሕክምና» ይላል። የሚያገለግለው ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው።

በማለዳው ሣህሉ ሸራውን ገፈፈ። ሰማያዊው ቀለም እንደ ፈንጣጣ ፊት ጎርበጥባጣ ሆኗል። አንዱን እብጠት በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ጣቱ ገባ። ዞር ሲል ፀዳለ በሩ ላይ ቆማለች። ጥቁር ቀሚሷን ለብሳለች፤ ለመቃብሩ የቀቀለችውን ንፍሮ በሰፌድ ይዛለች።

«ምን ሆነች?»

«ምንም። ቀለሙን ሙቀት አንስቶት ነው። ግቢ።»

ሸራውን አጣጥፎ ከኋላ ጫነው፤ እስከ መጨረሻ ጠቅሞት ነበርና ጥሎት መሄድ አልሆነለትም። ሲነሡ ሁመድ ደረሰ። ሁመድ ጨው ሜዳ የሚሠራ፣ በዚያው መንገድ ላይ ያለችው የደባይሲማ መንደር ሰው ነው። «ሰላም ዓለይኩም ሣህሉ፣ አገሬ ጣለኝ» አለና ከኋላ ገባ።

መንገዱ ደህና ነበር። ከተማውን እንደ ለቀቁ ፀዳለ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«ዝጊው፣ ነፋስ ይመታሻል።»

«ሞቆኝ ነው።»

«ዝጊው እንጂ።»

ዘጋችው። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ፊት ወደ ፊት ታያለች። ስንት ሰዓት እንደሚደርሱ ሦስት ጊዜ ጠየቀችው፤ ሦስቱንም ጊዜ መለሰላት።

ደባይሲማ ትንሽ ሲቀራቸው ከኋላ በኩል ጨርቅ የሚተረተር የመሰለ ድምፅ ተሰማ። መኪናዋ በቂጧ ተቀመጠች። ሣህሉ ወርዶ ሸራውን አነጠፈና ከሥሯ ገባ። የኋላዋን የሚሸከመው ባሌስትራ የተያዘበት ብረት ተገንጥሏል። ይዞ ሊሞክረው ሲል እንደ ደረቀ ቂጣ እጁ ላይ ፈረፈረ። ወደ ፊት ዳሰሰ፤ ያም ፈረፈረ። የሚበየድበት ቦታ ፈለገ፤ አንድም አልቀረም።

ሁመድ ቁጢጥ ብሎ የሸራውን ጫፍ ዳሰሰና ጣቱን ምላሱ ላይ አደረገ።

«ይሄ የጨው ሸራ ነው።»

«አዎ፣ እሷን የሸፈንኩበት ነው» አለ ሣህሉ ከሥር።

«ስንት ቀን?»

«ሰባት ወር።»

ሁመድ ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም። «አይ ሣህሉ! ጨው የጠጣ ሸራ መቼ ይደርቃል? እርጥብ ነገር አለበስካት። አፍነህ ገደልካት እኮ! ዝም ብለህ ብትተዋት ነፋሱ ያደርቃት ነበር። እናንተ የደጋ ሰዎች ነፋስ ምን አደረጋችሁ? እኛ ልጅ ሲሞቀው እንገልጠዋለን፣ ለነፋስ እንሰጠዋለን። እናንተ ትደርባላችሁ።»

ሁመድ የልጅቱን ነገር የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ሣህሉ ከመኪናዋ ሥር ሆኖ የሚታየው የፀዳለ እግር ብቻ ነው። እግሮቿ ወዲያ ወዲህ ይሉ ነበር፤ ቆሙ። ሣህሉ አልወጣም። ፍርፋሪው ደረቱ ላይ ይረግፋል፣ አልጠረገውም።

«ሣህሉ» አለች ፀዳለ። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። «ስገልጣት ገላዋ ርሶ ነበር። ፀጉሯ ሁሉ። ነፋስ የመታው ልጅ እንዴት እንዲህ ያልበዋል እያልኩ፣ ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው።»



ፀዳለ አሸዋው ላይ ተቀመጠችና ሰፌዱን ለሁመድ ዘረጋችለት። «ብላ፣ ወንድሜ።» ሁመድ የምን ንፍሮ እንደሆነ አልጠየቀም፤ እፍኝ ዘገነና አመሰገነ፣ ቀሪውን መንገድ በእግሩ ሊሄድ ተነሣ።

ሣህሉን ከሥር ያስወጣው ወደ አሰብ የሚመለስ ባዶ የጭነት መኪና ነው። ፀዳለ ልጅቱ ከሞተችበት ቀን ወዲህ እንዲህ ባለ መኪና ላይ እግሬን አላሳርፍም ብላ የማለች ሴት ነበረች፤ ማንም ሳይደግፋት ወጣች። ነጠላዋን ከራሷ አወረደች። እስከ አሰብ ድረስ ፊቷን ለነፋሱ ሰጥታ ቆማ ሄደች። ሣህሉ ከጀርባዋ ተቀምጦ ነበር። ተሸፈኚ አላላትም።

ሚሌቼንቶዋ እዚያው ቀረች፤ ፍየሎች ጥላ አደረጓት። መርሻ የሚድን ነገር ካላት ልይ ብሎ ሄዶ ነበር፤ ሲመለስ ቀልድ አላመጣም። ይለፉ ሳምንቱ ሲያበቃ ጊዜው አለፈበት። ሣህሉ ዛሬም ይበይዳል፤ ሌላ ይለፍ ጠይቆ አያውቅም፣ ፀዳለም ውሰደኝ ብላው አታውቅም። ቤታቸው መስኮቱም በሩም ክፍት ነው የሚያድረው።

አንተ ግን አንባቢ፣ መቼም በዚያ መንገድ ማለፍህ አይቀርም፤ በአውቶቡስም ይሁን፣ በእህል መኪናም ይሁን፣ ለስብሰባ በመንግሥት ላንድሮቨርም ይሁን። ከአሰብ ስትነሣ ማንዳን አልፈህ፣ ኤሊዳር ሳትደርስ፣ ጥቁር የድንጋይ ክምርና ራስጌው ላይ የቆመ ቸርኬ ታያለህ፤ ዝገት ካልጨረሰው። ሹፌሩን አቁም በለው። ሞተሩ ይፈላል ካለህ ይፍላ በለው። ውረድ። አሸዋው ድንጋዮቹን ለብሷቸው ካገኘህ በእጅህ ጠረግ ጠረግ አድርገህ ገለጥ አድርግላት፣ እባክህ፤ ትንሽ ነፋስ…