መስኮቱን ማን ከፈተው?

ትናንት ለልጄ የገዛሁትን ጫማ ካርቶን ስከፍት፣ እርጥበት እንድትስብ የሚከቷት ትንሽ ከረጢት ወደቀች። አንስቼ በጣቴ ሳሻት ውስጧ ያሉት ፍሬዎች ተንኮሻኮሹ፤ ጫማውን ትቼ እሷኑ ይዤ ቀረሁ። «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ።

ባሕር ዳር የማስተርስ ተማሪ ሳለሁ፣ ለምርምሬ ውሃ ያልነካው ዚንክ ክሎራይድ ያስፈልገኝ ነበር። ጨው መሰል ኬሚካል ነው፤ ግን በክረምት፣ ጣና አጠገብ፣ አየር ካገኘ እንደ ተላሰ ከረሜላ ይለጠፋል። ሁለት ጊዜ ተበላሽቶብኝ ነበር። አማካሪዬ «ሦስተኛውን ካበላሸሽ ምርምሩ ይቅርብሽ» ስላሉኝ እህል አልበላ አለኝ፣ እንቅልፍም አልወስደኝ አለ።

ጨው ማድረቁን የሚያውቁበት የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ኮንትራት ናቸው፤ ውላቸው ይታደስ አይታደስ በዚያው ወር ይወሰን ነበር። ብርድ ሲፈሩ፣ ጉድ ነው! በግንቦት ሙቀት ሹራብ፤ ሚኒባስ ውስጥ «መስኮት ዝጉ» እያሉ ጠብ። «ጨውም እንደኔ ነው፤ ነፋስ ይመታዋል» ይሉኝ ነበር።

የዚያን ቀን ጨዉን በብርጭቆ ዕቃ አድርገን፣ አየሩን ፓምፑ እየሳበው፣ በእሳት አቀለጥነው። ክፍሉ የጋለ ጎማ ይሸት ነበር። «ልጄ፣ እስኪበርድ እንዳትነኪው» ብለው ወጡ።

እኔ መች ልቀመጥ! ስንቴ ሰዓቴን አየሁ። ቶሎ ይብረድልኝ ብዬ መስኮቱን ከፈትሁ፤ ሳይበቃኝ ፓምፑን አጥፍቼ ክዳኑንም አንስቼ፣ ጨዉን ፈቅፍቄ ሙቀጫ ውስጥ ጣልሁት። የሐይቁ ነፋስ ካፊያ ይዞ ገባ። ስወቅጠው ዘነዘናው ላይ ተጣበቀ።

ጋሼ ተመልሰው «ምነው ልጄ!» ከማለታቸው አማካሪዬ ገቡ።

«መስኮቱን ማን ከፈተው?»

አንገቴን ደፍቼ ዘነዘናውን መፋቅ ያዝሁ። ዛሬም ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ። «ሞቆኝ።»

ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው! አማካሪዬ እሳቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፤ ጥፋቱን ግን በእሳቸው ላይ ጻፉት። ለእኔ ሌላ ጨው ተሰጠኝ፤ ያደረቁልኝም ራሳቸው ጋሼ ናቸው። በወሩ መጨረሻ ውላቸው ሳይታደስ ቀረ። እኔ ተመረቅሁ።

ወደ ቆላ ድባ፣ ወደ አገራቸው፣ የሚገቡ ዕለት ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሄድሁ። «ጋሼ፣ ያን ቀን እኮ...» ብዬ ስጀምር እንባዬ ቀደመኝ። ነጠላዬን ይዘው ወደ አፌ ሳቡልኝ።

«በይ ተሸፈኝ፤ ብርድ ይመታሻል።»

መኪናው ሞልቶ ስለነበር ተሳፍረው ሄዱ። ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።